የሰፈራችንን ምግብ ቤት ማን ያቆየዋል?

ይህን ጋዜጣ ያነሣችሁት ከየት ነው? መቼም ከፖስታ ሣጥናችሁ አይደለም። ወይ ከምግብ ቤት መግቢያ በር ሥር፣ ወይም እንጀራና በርበሬ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ሒሳብ ከሚከፈልበት አጠገብ ከተቆለለው ላይ አንዱን ስባችሁ ነው። እኔም እንደዚሁ ነበር የማደርገው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጋዜጣዬን የምወስድበት ሱቅ ከቤቴ በእግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ባለፈው የበረዶ ወራት ተዘጋ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ሱቅ ነው፤ ግን ስለ እሱ ብቻ አይደለም። በየሰፈራችን ስላሉት፣ ዝና ስለሌላቸው፣ ማስታወቂያ ለማውጣት እንኳ አቅም ስለሚያጥራቸው ትናንሽ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ጭምር ነው። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገርና የፈለገ ይከራከረኝ። እነዚህን ቤቶች የሚዘጋቸው የኪራይ መወደድ ብቻ አይደለም፤ እኛም አለንበት።

ቤቱን ላስተዋውቃችሁ። ሁለት ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር፣ አንድ የመጠጥ ማቀዝቀዣ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ መደርደሪያ። በመደርደሪያው ላይ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበና፣ ጧፍ። ባለቤቲቱ ሌሊት የምትጋግረው እንጀራ ጠዋት በፌስታል እየታሠረ ይወጣል። በአዘቦት ሽሮና ምስር ታቀርባለች፤ ቅዳሜና እሑድ ጥብስ ይጨመራል። የበሩ መስታወት ደግሞ የሰፈሩ ጋዜጣ ነበር። «ክፍል የሚከራይ አለ»፣ «ልጅ የምትይዝ እህት እንፈልጋለን»፣ የሙት ዓመት ጥሪ፣ የታመመ ወገን መርጃ ሣጥን፣ ሁሉም እዚያ ነው። በዲቪ ትናንት የገባ ልጅ ሥራ የሚያፈላልገው እዚያ ነው። የታክሲ ሾፌሩ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ትኩስ ሻይ የሚያገኘው እዚያ ነው።

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ስድስት ወር ቆየች። እንግሊዝኛ አትችልም፣ መኪና አትነዳም። እኔ በጠዋት ወጥቼ በምሽት እመለሳለሁ። አሜሪካ ለእሷ አራት ግድግዳና አንድ ቴሌቪዥን ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት ያችን ሱቅ ወስጄ አሳየኋት። ከዚያ በኋላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ብቻዋን እየሄደች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቡና እየጠጣች፣ ከሰው ጋር እየተጫወተች ትውል ጀመር። ባለቤቲቱ «እማማ፣ ዛሬ ቆዩብኝ» እያለች ትቀበላታለች። ማታ ስገባ እናቴ ስለ ሰፈሬ ሰው ከእኔ የበለጠ ታውቅ ነበር።

በቅርቡ ለሁለተኛ ጊዜ መጣች። ሱቁ የለም። በቦታው የእጅ ስልክ የሚጠግን ሰው ገብቶበታል። እናቴ በመስኮት ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» ብላ ጠየቀችኝ። ኪራይ ተወደደባት፣ ዘጋች አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አንተ ከእሷ አትገዛም ነበር?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ምክንያቱም እውነቱን ስናገር፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እንጀራ የምገዛው ከሥራ ስመለስ መንገዴ ላይ ካለው ትልቅ መደብር ነበር። በእሽግ አንድ ዶላር ይረክሳል። እንግዳ ሲመጣብኝ ደግሞ የምወስደው አርባ ደቂቃ ነድቼ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞሬ፣ ሁሉም ሰው ወደሚያውቀው ትልቅ ምግብ ቤት ነው። ከሰፈሬ ሱቅ የምወስደው ጋዜጣዬን ነበር። እሱ ደግሞ ነፃ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ዝም እል ነበር። ነገር ግን በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የምግብ ቤቶቻችንን ታሪክ መለስ ብለን ብናየው ይኸው ነገር ሲደጋገም እናገኘዋለን። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በ1978 «ማማ ደስታ» በዲሲ ስትከፈት፣ የኢትዮጵያ ምግብ በእጅ የሚበላ መሆኑ ለአሜሪካኖች እንደ ተአምር ይወራ ነበር። የ1980 የስደተኞች ሕግ ወጥቶ ቁጥራችን ሲጨምር አዳምስ ሞርጋን፣ በተለይ አሥራ ስምንተኛው መንገድ፣ በእኛ ቤቶች ተሞላ። በኋላ ኪራይ ሲንር ብዙዎቹ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ ዘጠነኛው መንገድ ወረዱ። እዚያም ሰፈሩ ሲታደስ ኪራዩ ተከትሎ ወጣ። ዛሬ የሕዝባችን ብዛት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች አካባቢ ነው። ምግብ ቤቱ ሕዝቡን ይከተላል፤ ሕዝቡ ርካሽ ኪራይን ይከተላል። በየዝውውሩ ግን አሥር ቤት ከነበረ አሥሩም አይሻገሩም። አንዱ በዕዳ፣ አንዱ በድካም፣ አንዱ በሽምግልና ይቀራል።

ይህ ዕጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ከጎረቤቶቻችን ከቬትናሞች እንማር። እነሱም እንደኛ በጦርነት ተፈናቅለው በ1970ዎቹ ሲመጡ ሱቆቻቸውንና ምግብ ቤቶቻቸውን የከፈቱት አርሊንግተን ውስጥ፣ ክላረንደን በሚባለው ሰፈር ነበር። ኪራዩ ርካሽ የነበረው መንገዱ ለሜትሮ ባቡር ተቆፍሮ ስለነበር ነው። በ1979 ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ቦታው ተወደደ፤ እነሱም ለቀቁ። ነገር ግን በየፊናቸው አልተበተኑም። ከ1984 ጀምሮ ፎልስ ቸርች ኤደን ሴንተር በሚባለው የገበያ ቦታ ተሰባሰቡ። ዛሬ እሑድ ቀን እዚያ ብትሄዱ ፓርኪንግ አታገኙም። ሽማግሌው ዳማ መሰል ጨዋታ ይዞ ተቀምጧል፣ አሮጊቷ ቅጠላ ቅጠል ትመርጣለች፣ ልጁ ሾርባውን ይጠጣል። እነሱም ቢሆኑ ተከራይ ናቸው፤ ሥጋትም አላጡም። ያቆያቸው ግን ሕዝባቸው የሳምንቱን አስቤዛ ከዚያ መግዛቱ ነው። ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚታወስ ሱቅ ኪራይ አይከፍልም።

ከራሳችን ሰፈር አጠገብም ምሳሌ አለ። በዩ ስትሪት ያለው ቤንስ ቺሊ ቦል በ1958 የተከፈተ ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ከተማው ተቃጠለ፤ ቤቱ ቆየ። በኋላም ለሜትሮው ሥራ መንገዱ ሲቆፈር፣ ባቡሩ በ1991 እስኪገባ ድረስ፣ ገበያ ሞቶ ብዙ ጎረቤቶቹ ሲዘጉ እሱ ቆየ። በአቧራ ውስጥ በጣውላ ላይ ተራምዶ የሚመጣ ደንበኛ ስለነበረው ነው። እኛስ? በሲልቨር ስፕሪንግ የፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ በ2017 ተጀመረ። በ2022 ሥራ ይጀምራል የተባለው ባቡር ተቋራጩ በ2020 ጥሎ በመሄዱ ጭምር ዓመታት ዘገየ። በቦኒፋንት መንገድ ላይ ያሉ ባለ ሱቆች፣ ከእነሱም ውስጥ የእኛ ወገኖች፣ በአጥርና በቁፋሮ መካከል ነው የከረሙት። «ፓርኪንግ የለም» ብለን ስንቶቻችን ቀረን? እኔ ከቀሩት አንዱ ነኝ።

አንዳንድ ሰው «የንግድ ነገር ነው፤ ርካሽና ጥሩ ያቀረበ ይኖራል፣ ያላቀረበ ይዘጋል» ይለኛል። መልካም፤ እስቲ ስለ ዋጋው እንነጋገር።

እንጀራ በዚህ አገር እንዴት እንደተገኘ ወጣቶቻችን አያውቁም። በ1970ዎቹ የመጡት ታላላቆቻችን በፓንኬክ ዱቄትና በለስላሳ ጋዝ ውሃ እንጀራ መሰል ነገር እየጋገሩ ናፍቆታቸውን ያስታግሱ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የነበረው አሜሪካዊው ዌይን ካርልሰን በ1980ዎቹ በአይዳሆ ጤፍ መዝራት ጀመረና የእንጀራችን መልክ ተመለሰ። ብዙዎቻችን ቤታችን ውስጥ የምንጠቀምበት ክቡ የኤሌክትሪክ ምጣድም መጀመሪያ ለእኛ የተሠራ አልነበረም። ከኖርዌይ የመጡ አሜሪካውያን ሌፍሳ የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን እንዲጋግሩበት የተሠራ ነው። በ2006 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል፣ የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን መምጣቱን ቀጠለ።

እንግዲህ የሰፈሯ ሴትዮ ዱቄቱን ትገዛለች፤ እርሾ ጨምራ ታቦካለች፤ ሁለት ሦስት ቀን ትጠብቃለች፤ አብሲት ትጥላለች፤ ከዚያ ሌሊት ቆማ አንድ በአንድ ትጋግራለች። ከአሥሩ አንዱ ዐይን ሳያወጣ ቢቀር ኪሣራው የእሷ ነው። እኛ ደግሞ ጠዋት ገብተን እሽጉን ወደ ብርሃን አንሥተን እናይና «ተወደደ እኮ! ቀጭንም ነው» እንላለን። ያው ሰው ከመንገዱ ማዶ ለአንድ ኩባያ ማኪያቶ ስድስት ዶላር ከፍሎ «ታንክ ዩ» ብሎ ይወጣል። ፈረንጁ ዘንድ ዋጋ አንከራከርም፤ የራሳችን ሰው ዘንድ ስንገባ ግን መርካቶ የገባን ይመስለናል።

ስለ አቀማመጣችንም ላንሣ። ሰባት ሆነን እንገባለን፤ ሦስት ቡና እናዛለን፤ ፖለቲካውን ከጠዋት እስከ ማታ እንፈጨዋለን። አምሳ ሰው እጋብዛለሁ ብሎ በስልክ አዝዞ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን የሚያጠፋም አለ። «ሒሳቡን እኔ! በፍጹም፣ እኔ!» እየተባባልን እጅ ለእጅ እንያያዝና ለአስተናጋጇ የሚተርፈው የሳንቲም ድቃቂ ይሆናል። በፌዴራሉ ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በቀጥታ እንዲከፍል የሚገደደው ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ1991 ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚሠራው ይኸው ነው። የቀረው ከእኛ ኪስ እንደሚመጣ ታስቦ ነው። ያቺ «እህቴ፣ ትንሽ እንጀራ ጨምሪልን» የምንላት ልጅ ለሰዓቷ የምትተማመነው በእኛ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ባለቤቶቹ ልዙር፤ አለዚያ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በሩ ላይ «አራት ሰዓት ይከፈታል» ብሎ ጽፎ በስድስት ሰዓት የሚከፍት ሰው ደንበኛ ሸሸኝ ብሎ ማማረር አይችልም። በሜኑው ላይ ሠላሳ ዓይነት ምግብ ተዘርዝሮ አሥራ ሁለቱን ስንጠይቅ «ዛሬ የለም» መባልም ያሳፍራል። አሥር ምግብ ጽፎ አሥሩን አጥርቶ መሥራት ይሻላል። ክትፎ ጎረቤት ስለሠራ ብቻ ክትፎ መክፈት፣ እሱ ስላመጣ ዘፋኝ ማምጣት፣ ዋጋውን አንድ ዶላር ዝቅ አድርጎ መጠላለፍ ሁለቱንም ይጥላል። የሰፈሩ ፈረንጅ በመስታወቱ ሲያይ ውስጡ ጨለማ፣ ቴሌቪዥኑ የሚጮህ፣ ቀና ብሎ «ግባ» የሚለው ሰው የሌለ ከሆነ ለምን ይገባል? ሥጋና ወተት የማይነካ አሜሪካዊ በበዛበት በዚህ ዘመን የጾም በያይነቱ ያለን ሕዝብ ነን። ረቡዕና ዓርብን ያስተማሩን አባቶቻችን የማይነጥፍ ገበያ ትተውልናል፤ በሩን መክፈት ግን የእኛ ነው።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። የሰፈርን ምግብ መውደድ ማለት የራስን ብቻ መብላት ማለት አይደለም። እኔ በምኖርበት አካባቢ የሳልቫዶሮች ፑፑሳ ቤት አለ። አንድ ቀን በረዶ ሲዘንብ መኪናዬ አልነሣ ብሎኝ ገባሁ። ሴትዮዋ የበቆሎውን ሊጥ በመዳፏ እየጠፈጠፈች፣ ባቄላና አይብ ውስጡ እየጨመረች በትኩስ ብረት ላይ ታገላብጠዋለች። ቆሜ ሳያት እናቴ ቂጣ ስትጋግር መሰለችኝ። አጠገቡ የሚሰጡት በኮምጣጤ የታሸ ጎመንም ከዳጣችን ባይደርስ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ እየተመላለስኩ ነው፤ ባልዋም አንድ ቅዳሜ እኔ ወደምጠቁመው የአበሻ ቤት መጥቶ ጥብስ በላ። ጎረቤት ከጎረቤት እንዲህ ነው የሚቋቋመው። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈራችን በ2002 በከተማው ምክር ቤት ፈቃድ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ስሙ ያኮራል፤ ሰሌዳው ግን ምሳ አይበላም። ከሥሩ ያሉትን ቤቶች የሚያቆማቸው የሐበሻውም የሌላውም ጎረቤት እግር ነው።

እንግዲህ ወቅሼ ብቻ እንዳልተዋችሁ፣ እኔ ራሴ ከአሁን ወዲያ ላደርግ የወሰንኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከቤቴ በእግር ወይም በአሥር ደቂቃ መንገድ ካለ ትንሽ ቤት እበላለሁ። ትልቁን ምግብ ቤት አልጠላሁም፤ እሱ ግን ያለ እኔም ይኖራል። ሁለተኛ፣ እንጀራና ቅመም ከሰፈር እገዛለሁ፤ በእሽግ አንድ ዶላር ልዩነት ካለ፣ በሳምንት ሁለት እሽግ ብገዛ በዓመት መቶ አራት ዶላር ነው። ለእናቴ መዋያ ይህን ያህል ብጠየቅ አልከፍልም ነበር? ሦስተኛ፣ ምግቡ ካልጣመኝ ለባለቤቱ ለብቻው እነግረዋለሁ እንጂ በየለቅሶው ቤት አላወራም። አራተኛ፣ በማኅበራችንና በእድራችን ስብሰባ ላይ የምግብ ትእዛዝ ሁልጊዜ ለአንድ ቤት ከመስጠት በየተራ ለትናንሾቹም እንዲዳረስ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ለባለቤቶቹም አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የኪራይ ውላችሁን ሳትፈርሙ በፊት ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፤ ውሉ የማደስ መብት እንዳለው፣ ጭማሪው በዓመት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይኑራችሁ። ከዚያም አልፎ፣ በዕቁብ መኪናና ቤት የገዛን ሕዝብ ነን፤ አምስት ባለ ሱቅ ተባብሮ አንድ ሕንፃ መግዛት ለምን ይከብደናል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ልጆቻችንን እናስተምራለን፤ እኛ ግን እያንዳንዳችን ለብቻችን ከአከራይ ፊት እንቆማለን።

የሱቋን ባለቤት ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ክርስትና ላይ አገኘኋት። አሁን በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ኢንሹራንስ አላት፣ እሑድ ታርፋለች፤ ፊቷም ወዝ አግኝቷል። ደስ አለኝ። ስለ ኪራዩ አንሥቼ አከራዩን ልረግምላት ስል «ጋሼ፣ ኪራዩንስ እንደምንም እገፋው ነበር» አለችኝ። «የቅዳሜው ወንበር ባዶ መሆኑ ነው ያሸነፈኝ። ጥብሱን ሠርቼ በሩን እያየሁ ማምሸት።» ከዚያ ወዲያው «እማማ ደኅና ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚሁ ናቸው፣ መጥተዋል አልኳት። በሚቀጥለው እሑድ እንጀራ ይዛ እቤቴ መጣች፤ ሁለቱ ቡና ሲያፈሉ ዋሉ። እናቴ ከመጣች ወዲህ እንደዚያን ቀን ስትስቅ አልሰማኋትም። ሰኞ ጠዋት ግን ሁለታችንም ወደየሥራችን ሄድን፤ እናቴም ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጋዜጣ ያነሣህበት ቤት ውስጥ ከሆንክ፣ እስቲ ቀና በልና ዙሪያህን ተመልከት። ስንት ወንበር ባዶ ነው? ጋዜጣው ነፃ ነው፤ ውሰደው። ስትወጣ ግን አንድ እሽግ እንጀራ ጨምርበት።

ቸር ይግጠመን።